ፓርላማ ሲመረጥ ብራስልስ ምን ያደርጋል? ከጅማ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጅማ ከተማ አንድ ቡና አቅራቢ ጋ ነው የምሠራው። ዜና ላይ ስለ ጆርጂያና ስለ ሞልዶቫ ምርጫ በተወራ ቁጥር ‹አውሮፓ ወይስ ሩሲያ› ይባላል። አንድ አገር ፓርላማ ስለመረጠ ብቻ ከአውሮፓ ጋር ያለው ግንኙነት እንዴት ይቀየራል? የኛስ ምርጫ? ቡናችን አውሮፓ መግባቱን ይነካዋል?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሁለት ነው። አንዱ የነሱ፣ አንዱ የኛ። ከነሱ ልጀምርና ወደ ጅማ እመለሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው። በኛ አቆጣጠር ስናገር ዓ.ም. እላለሁ።

አጭሩ መልስ ይኸውልህ። ምርጫ ከአውሮፓ ጋር ያለን ግንኙነት በሙሉ አይቀይርም። ከፊሉን በሳምንታት ውስጥ ይገለብጠዋል፤ ከፊሉን ደግሞ ዓመታት አልፈውም ንክች አያደርገውም። ቶሎ የሚነካው በፖለቲከኞች ፈቃድ ላይ የቆመው ነው። የበጀት ድጋፍ፣ የአባልነት ድርድር፣ የባለሥልጣናት ቪዛ፣ የጉብኝትና የመግለጫ ቃና እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ቀስ ብሎ የሚነካው ወይም ጭራሽ የማይነካው በሕግ የታሰረው ነው፤ የቀረጥ ሥርዓት፣ የንግድ ስምምነት፣ የምርት ደንብ።

«ማን አሸነፈ?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ይህ ልዩነት ያመልጠዋል። ተማሪዎቼን ሌላ ነገር እንዲጠይቁ እመክራለሁ። አሸናፊው ስንት ወንበር ያዘ? በዚያ ወንበር የትኛውን ሕግ ማውጣት ይችላል? አውሮፓ ለዚያ መልስ ለመስጠት ደግሞ የስንት አገር ድምፅ ያስፈልጋታል?

ጆርጂያን እንይ። ነገሩ ፍንትው ብሎ የሚታየው እዚያ ነው። ጆርጂያ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ሰፊ የአጋርነትና የነፃ ንግድ ስምምነት የፈረመችው በ2014 ነው። በ2016 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። በ2017 ዜጎቿ ለአጭር ጊዜ ያለ ቪዛ አውሮፓ መግባት ጀመሩ። የሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 78 ደግሞ የመንግሥት አካላት አገሪቱን ወደ አውሮፓ ኅብረትና ወደ ኔቶ ለማስገባት በሥልጣናቸው ሥር ያለውን ሁሉ እንዲያደርጉ ያዛል። ሕገ መንግሥት ውስጥ ሳይቀር የገባ ነገር ነው። ታዲያ እንዲህ ያለች አገር በአንድ ምርጫ እንዴት ትዞራለች?

በአንድ ምርጫ አልዞረችም። «የጆርጂያ ሕልም» የተባለው ፓርቲ ሥልጣን የያዘው በ2012 ነው። የ2014ቱን ስምምነት የፈረመው እሱ ራሱ ነው። በማርች 2022 የአባልነት ማመልከቻ ያስገባውም እሱ ነው። በዲሴምበር 2023 አገሪቱ ዕጩ አባል ስትባል ሥልጣን ላይ የነበረውም ያው ፓርቲ ነው። መራጩ አዲስ መንግሥት አላመጣም። የተቀየረው ፓርቲው ፓርላማ ውስጥ ባለው ወንበር የሚሠራው ሥራ ነው።

ሥራው የጀመረው በሕግ ነው። ከገቢያቸው ከ20 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራትና መገናኛ ብዙኃን «የውጭ ኃይል ጥቅም አራማጅ» ተብለው እንዲመዘገቡ የሚያዝ ረቂቅ ቀረበ። በ2023 ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ አስቀረው። በ2024 ተመልሶ መጣ። የወቅቱ ፕሬዚዳንት ሳሎሜ ዙራቢሽቪሊ አልፈርምም ብለው መለሱት። ፓርላማው ግን በሜይ መጨረሻ የሳቸውን ውሳኔ ሽሮ አጸደቀው።

ይህ ለኛ ሰው እንግዳ ወሬ አይደለም። የ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ያ ቁጥር 621 የምንለው፣ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ የአገር ውስጥ ማኅበራት ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኙ ከልክሎ ነበር። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ቆይቶ በአዋጅ 1113 ተተካ። ያኔ አውሮፓውያን ቅር አላቸው፤ በአደባባይም ተናገሩ። ግን አልቆረጡም። እንዲያውም የኅብረቱ የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ ገንዘብ እንደ አገር ውስጥ ገንዘብ እንዲቆጠር ከመንግሥታችን ጋር ተስማሙና ሥራው ቀጠለ። ጆርጂያ ላይ ግን የኅብረቱ መሪዎች በጁን 2024 የአባልነት ሂደቷ በተግባር ቆሟል አሉ። ለመከላከያ የታሰበ 30 ሚሊዮን ዩሮም ታገደ።

የሕጎቹ መንፈስ ተቀራራቢ ነው። ምላሹ ለምን ተለያየ? ጆርጂያ «ልግባ» ብላለች፤ እኛ አላልንም። አባልነት መጠየቅ ሽማግሌ እንደ መላክ ነው። ሽማግሌ የላከ ሰው ጠባዩ ይጠየቃል፣ ቤቱ ይታያል፣ ጎረቤቱ ሳይቀር ይጠየቅለታል። ሰላምታ ብቻ የሚለዋወጥን ሰው ግን ማንም እንደዚያ አይመረምረውም።

ምርጫው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ኦክቶበር 26 ቀን 2024። በይፋዊው ውጤት ገዢው ፓርቲ 54 በመቶ ገደማ አግኝቶ ከ150 ወንበሮች 89 ወሰደ። መንግሥት ለመምራት ከበቂ በላይ ነው፤ ሕገ መንግሥት ለመቀየር ግን አይበቃም። የአውሮፓ የጸጥታና ትብብር ድርጅት ታዛቢዎች በመራጮች ላይ ጫና እንደነበረና የድምፅ ምስጢራዊነት በብዙ ቦታ እንደተጣሰ ገለጹ። ተቃዋሚዎች ውጤቱን አልተቀበሉም። ፕሬዚዳንቷም አልተቀበሉም።

ኖቬምበር 28 የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫው እንዲደገም የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። በዚያው ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኢራክሊ ኮባኪዜ የአባልነት ድርድር የመክፈት ጉዳይ እስከ 2028 መጨረሻ አጀንዳ እንደማይሆን፣ ከኅብረቱ የበጀት እርዳታም እንደማይቀበሉ አስታወቁ። የትብሊሲ ጎዳናዎች ከዚያን ማታ ጀምሮ ተቃዋሚ ሰልፈኛ አልተለያቸውም። በጃንዋሪ 2025 ኅብረቱ የዲፕሎማትና የአገልግሎት ፓስፖርት የያዙ ጆርጂያውያን ያለ ቪዛ መግባታቸውን አገደ።

አሁን ልብ በል። ምን ተነካ? ድርድሩ፣ ገንዘቡ፣ የባለሥልጣኑ ቪዛ። ያኔ ሳይነካ የቀረውስ? የተራው ሰው ከቪዛ ነፃ ጉዞና የነፃ ንግድ ስምምነቱ። አንዳንድ የኅብረቱ አገሮች በባለሥልጣናቱ ላይ የጋራ ማዕቀብ ይጣል ብለው ነበር። ማዕቀብ ግን የ27ቱንም አገሮች ድምፅ ይፈልጋል። ሃንጋሪና ስሎቫኪያ እምቢ አሉ፤ ሳይጣል ቀረ። ስለዚህ የጆርጂያ መራጭ ውሳኔ የኅብረቱ መቀመጫ በሆነችው ብራስልስ ላይ ያመጣው ውጤት በከፊል የተወሰነው በቡዳፔስትና በብራቲስላቫ ነው። በነዚያ አገሮች መንግሥት ላይ ያለውን ሰው የመረጠው ደግሞ የነዚያ አገሮች ሕዝብ ነው።

ሞልዶቫ ደግሞ ተቃራኒዋ ናት ይባላል። ግማሽ እውነት ነው። በኦክቶበር 2024 «አውሮፓ ኅብረት የመግባት ግብ ሕገ መንግሥታችን ውስጥ ይጻፍ ወይ?» ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። አዎ ያለው 50.35 በመቶ ነው። ልዩነቱ አሥር ሺህ ድምፅ ቢሆን ነው። አገር ቤት ያለው አብዛኛው መራጭ አይሆንም ብሎ ነበር። ሚዛኑን ያዞረው ውጭ የሚኖረው ሞልዶቫዊ ነው። ዳያስፖራ ምን ያህል አቅም እንዳለው ለኛ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል።

በሴፕቴምበር 28 ቀን 2025 የፓርላማ ምርጫ ተደረገ። የፕሬዚዳንት ማያ ሳንዱ ፓርቲ 50.2 በመቶ አግኝቶ ከ101 ወንበሮች 55 ያዘ። ለአብላጫ 51 ይበቃል። አራት ወንበር ትርፍ ማለት ነው። ይህች አራት ወንበር ዋጋዋ ትልቅ ነው። ኅብረቱ ለሞልዶቫ እስከ 1.9 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ የብድርና የእርዳታ ዕቅድ ለ2025–2027 አዘጋጅቷል። ገንዘቡ የሚለቀቀው የተስማሙበት ማሻሻያ ደረጃ በደረጃ ሲፈጸም ነው። ብዙው ማሻሻያ ደግሞ ያለ ፓርላማ አይሆንም። የፍርድ ቤት ሕግ፣ የግዢ ሕግ፣ የኢነርጂ ገበያ ሕግ ይወጣል። ፓርቲው ወንበር አጥሮት ከሌላ ጋር ቢጣመር ኖሮ በእያንዳንዱ ሕግ ላይ ድርድር ሊገባ ነበር። በር አይዘጋበትም፤ ጉዞው ግን ይንቀረፈፋል።

ግማሽ እውነት ያልኩት ለዚህ ነው፦ ምርጫውን አሸንፈውም የ2025 ዓመት አልቆ አንድም የድርድር ምዕራፍ በይፋ አልተከፈተላቸውም። ሞልዶቫና ዩክሬን በአንድ ቀን ድርድር እንዲጀምሩ ከተደረገበት ከጁን 2024 ወዲህ ጉዳያቸው ተጣምሮ ይሄዳል። ሃንጋሪ ዩክሬንን አላሳልፍም አለች፤ ሞልዶቫም አብራ ቆመች። የኪሺናው መራጭ የሚችለውን አደረገ። የቀረው በሱ እጅ አልነበረም።

ፖላንድ አባል ስለሆነች ጉዳይዋ ይለያል። ግን የወንበር ሒሳብ ምን ማለት እንደሆነ ከሷ በላይ የሚያሳይ የለም። በኦክቶበር 2023 «ሕግና ፍትሕ» የተባለው ገዢ ፓርቲ ምርጫውን አንደኛ ሆኖ ጨረሰ፤ 35 በመቶ ገደማ። ከ460 ወንበር ግን የያዘው 194 ነው። ሦስቱ ተቃዋሚ ስብስቦች ተደምረው 248 ሆኑ። አንደኛ የወጣው ወረደ፤ ዶናልድ ቱስክ በዲሴምበር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024 የአውሮፓ ኮሚሽን በፍርድ ቤቶች ነፃነት ምክንያት ተይዞ የነበረውን እስከ 137 ቢሊዮን ዩሮ የሚደርስ ገንዘብ መንገድ ከፈተለት።

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልናገር። ገንዘቡ ሲለቀቅ ፍርድ ቤቶቹን የሚያስተካክሉት ሕጎች ገና አልወጡም ነበር። የወቅቱ ፕሬዚዳንት አንድሬ ዱዳ የድሮው ወገን ሰው ነበሩ፤ ሕግ የመመለስ ሥልጣንም ነበራቸው። የሳቸውን ውሳኔ ለመሻር ሦስት አምስተኛ ድምፅ፣ ማለትም ሁሉም አባላት ከተገኙ 276 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ የቱስክ ጥምረት ያን ያህል አልነበረውም። ኮሚሽኑ የተቀበለው በዋናነት የድርጊት መርሐ ግብርና የተወሰኑ እርምጃዎችን ነው። ብራስልስ «እኛ ሕግ ነው የምናየው እንጂ ሰው አናይም» ትላለች። ሰውም ታያለች። የምታምነው መንግሥት ሲመጣ ቃሉን ትቀበላለች፤ ለማታምነው ፊርማውንም ትጠራጠራለች። መጥፎ ነው አልልም፤ ይህን ሳያውቁ ግን ዜናውን መረዳት አይቻልም።

አይስላንድን በአጭሩ። በ2009 ምርጫ የመጣ መንግሥት በዚያው ጁላይ የአባልነት ማመልከቻ አስገባ። የ2013 ምርጫ ሌላ መንግሥት አመጣና ድርድሩን አቆመ። በ2015 «ከዚህ በኋላ እንደ ዕጩ አትቁጠሩን» የሚል ደብዳቤ ተላከ። በነዚያ ዓመታት ሁሉ የአይስላንድ ዓሣ ወደ አውሮፓ ገበያ መግባቱን አላቋረጠም። አገሪቱ ከ1994 ጀምሮ የአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውስጥ ናት። አባልነቱ መጣ፣ ሄደ፤ ገበያው እዚያው ነው።

አሁን ወደ ቤታችን።

እኛ የአባልነት ጉዳይ የለንም። ከአውሮፓ ጋር የሚያገናኘን እርዳታ፣ ንግድ፣ ስደትና የቀጣናው ጸጥታ ነው። ሕገ መንግሥታችን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚሰጠው ሥልጣን ትንሽ አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከአባላቱ መካከል ይመርጣል። በአንቀጽ 55 መሠረት መንግሥት የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ያጸድቃል። በወረቀት ላይ ምርጫው ሁሉን መንካት ይችላል ማለት ነው። በተግባር የሆነውን ግን እንይ።

ምርጫ 97ን የማያስታውስ የለም። የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢ ቡድን በአና ጎሜሽ መሪነት መጣ። ከምርጫው በኋላ ደም ፈሰሰ፣ የተቃዋሚ መሪዎች ታሰሩ። ለጋሾች ለመንግሥት ካዝና በቀጥታ ይሰጡ የነበረውን የበጀት ድጋፍ አቆሙ። ግን ገንዘቡ ጠፍቶ አልቀረም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ መሠረታዊ አገልግሎቶችን ለመጠበቅ በተባለ ፕሮግራም በኩል ወደ ወረዳ መውረድ ጀመረ። የወረዳ መምህርና የጤና ባለሙያ ደሞዝ የሚሸፈነው ከዚያም ነበር። መንገዱ ተቀየረ እንጂ ግንኙነቱ አልተበጠሰም።

ሁልጊዜ ክፍል ውስጥ የማነሳውን ንጽጽር ላንተም ልንገርህ። በግንቦት 2007 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ወሰዱ። አንድ እንኳ ለተቃዋሚ አልተረፈም። አውሮፓ በዚያ ምርጫ ታዛቢም አልላከችም። ከሦስት ዓመት በኋላ በጁላይ 2018 ካምቦዲያ ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ገዢው ፓርቲ 125ቱንም ወንበር ጠራርጎ ወሰደ።

ውጤቱስ? ካምቦዲያ ወደ አውሮፓ ያለ ቀረጥ የምትልክበት ዕድል ተቀነሰባት። በጣም ያላደጉ አገሮች ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉን ነገር ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ እንዲያስገቡ የሚፈቅድ የአውሮፓ ሥርዓት አለ፤ እኛም ተጠቃሚ ነን። በኦገስት 2020 ካምቦዲያ ወደ አውሮፓ ከምትልከው አንድ አምስተኛው ገደማ፣ በዓመት አንድ ቢሊዮን ዩሮ የሚሆን ምርት ከዚህ ዕድል ወጣ። እኛስ? ምርጫው ካለፈ ስድስት ወር ሳይሞላው፣ በኖቬምበር 2015፣ ኢትዮጵያና አውሮፓ ኅብረት በስደትና በእንቅስቃሴ ላይ የጋራ አጀንዳ ፈረሙ። በጁን 2016 ደግሞ ስትራቴጂያዊ ትብብር የሚባለውን ሰነድ ፈረሙ። ኦሮሚያ ያኔ በተቃውሞ ላይ ነበረች። የአውሮፓ ፓርላማ በጃንዋሪ 2016 የሰልፈኞቹን ግድያ አውግዞ ጠንካራ ውሳኔ አሳልፎ ነበር። ፊርማውን የያዙት ግን ሌሎች ሰዎች ናቸው።

ለምን ይሄ ልዩነት? የመጀመሪያው ምክንያት ካምቦዲያ ውስጥ ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ ከምርጫው በፊት በፍርድ ቤት ውሳኔ መፍረሱ ነው። ይህ ለአውሮፓ ሕግ አዋቂዎች በወረቀት ለማረጋገጥ ቀላል ነው። ለኔ ግን የበለጠ የሚያሳምነኝ ሁለተኛው ነው። በ2015 አውሮፓ በስደተኛ ጉዳይ እንቅልፍ አጥታ ነበር። ኢትዮጵያ የስደተኞች መነሻም፣ መተላለፊያም፣ መጠለያም ናት። ወታደሮቻችን ሶማሊያ ውስጥ ነበሩ። ካምቦዲያ ለአውሮፓ እንዲህ ያለ ጉዳይ አልነበራትም፤ ልብስ ነው የምትሸጥላት። የምትፈልገውን አገር ትታገሣለች፤ ያን ያህል የማትፈልገውን ትቀጣለች። ይህን ስል ተማሪዎቼ «መምህር፣ ታዲያ መርሁ የት አለ?» ይሉኛል። መርሁ አለ። ብቻውን አይሠራም እንጂ።

የ2013 ዓ.ም. ምርጫም ያንኑ ይነግረናል። ኅብረቱ ታዛቢ ሊልክ አስቦ ነበር። በታዛቢዎቹ ነፃነትና ይዘውት ሊገቡ በፈለጉት የመገናኛ መሣሪያ ላይ ከመንግሥት ጋር ሳይስማሙ ቀርተው በሜይ 2021 ተወው። መግለጫ ወጣ፣ መልስ ተሰጠ፣ ቃላት ከረሩ። ትልቁ ገንዘብ ግን ቀድሞ ተይዟል። 90 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ የበጀት ድጋፍ የዘገየው ከምርጫው ወራት በፊት፣ በትግራይ ጦርነት ምክንያት ነው። የመለሰውም ምርጫ አይደለም። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በኦክቶበር 2023 ኅብረቱ የ650 ሚሊዮን ዩሮ የልማት ፕሮግራም ይዞ መጣ። ከአውሮፓ ጋር ባለን ነገር ላይ ከድምፅ መስጫ ሣጥን ይልቅ ጦርነትና ሰላም ከብደው ታይተዋል።

ቪዛውንም ተመልከት። አለቃህ ለቡና አውደ ርዕይ አውሮፓ ልሂድ ብሎ ከሆነ ሳይማርርህ አይቀርም። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ ምላሽ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል። ምርጫ ቢሆን ምክንያቱ ይገርመን ነበር። አይደለም። ኅብረቱ ያቀረበው ምክንያት አውሮፓ የመቆየት ፈቃድ የሌላቸውን ዜጎቻችንን በመመለስ ላይ መንግሥታችን በበቂ አልተባበረም የሚል ነው።

እንግዲህ ቡናው። የመጨረሻ ጥያቄህ እሱ ነበር።

በመጀመሪያ ስለ ቀረጥ ያለህን ስጋት ቀለል ላድርግልህ። ያልተቆላ ቡና አውሮፓ ሲገባ ከየትም አገር ይምጣ ቀረጡ ዜሮ ነው። ብራዚልም ትላከው ቬትናም፣ ያው ነው። ስለዚህ የሊሙም ሆነ የጅማ አምስት ቡና ሃምቡርግ ያለ ቀረጥ የሚወርደው ፖለቲካችን ስለተወደደ አይደለም። ነገ ከብራስልስ ጋር ብንጣላና እንደ ካምቦዲያ ዕድሉ ቢነሳብን እንኳ ጥሬ ቡናህ ላይ ቀረጥ አይጨመርም። የሚጎዳው ሌላው ነው፦ አበባ፣ ልብስ፣ የቆዳ ውጤት። የተቆላ ቡናም ይጎዳል፤ ዕድሉ ለሌላቸው አገሮች ቀረጡ 7.5 በመቶ ነው። እዚህ ጅማ ቆልቼ አሽጌ እልካለሁ የሚል ባለሀብት ካለ እሱ ምርጫውንም፣ ከምርጫው በኋላ የሚመጣውንም በደንብ ይከታተል።

ያንተን ሥራ በቀጥታ የነካው ምርጫ ግን ከኛ አይደለም። የአውሮፓውያኑ ነው።

በ2023 የወጣውን የአውሮፓ የደን ጭፍጨፋ ደንብ ሰምተሃል። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና አውሮፓ አይገባም ይላል። አስመጪው እያንዳንዱ ቡና የበቀለበትን ማሳ መገኛ ነጥብ፣ ማለትም ማሳውን ካርታ ላይ የሚያሳይ የጂፒኤስ ቁጥር፣ ማቅረብ አለበት። ደንቡን የጣሰ ኩባንያ የሚጠብቀው ቅጣት ከባድ ስለሆነ ገዢው ያለ ነጥብ ቡና መንካት ይፈራል። ደንቡ መጀመሪያ ሥራ ላይ የሚውለው በ2024 መጨረሻ ነበር።

በመካከሉ ምን ሆነ? በጁን 2024 የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ተካሄደ። ቀኝ ዘመሞቹ ከበፊቱ በዙ፤ ትልቁ የመሃል ቀኝ ስብስብ ከ720 ወንበሮች 188 ያዘ። አረንጓዴዎቹ ቀነሱ። በኖቬምበር ያ የመሃል ቀኝ ስብስብ ደንቡን የሚያላሉ ማሻሻያዎች አቅርቦ በአዲሱ ፓርላማ ውስጥ በቀኝ ድምፆች አሳለፋቸው። አባል አገሮች ማሻሻያዎቹን አልተቀበሉም፤ የአንድ ዓመት መራዘሙ ግን ጸደቀ። በ2025 መጨረሻ ደግሞ እንደገና ተራዘመ። አሁን ለትልልቅና መካከለኛ ኩባንያዎች ቀኑ ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ነው፤ ለጥቃቅንና አነስተኞቹ ጁን 30 ቀን 2027። መራዘሙ የምርጫው ውጤት ብቻ ነው አልልም። አምራች አገሮች ጮኸዋል፣ የአውሮፓ ኩባንያዎች አልተዘጋጀንም ብለዋል፣ የመመዝገቢያው የኮምፒውተር ሥርዓትም አስቸግሯል። ግን ጩኸቱን የሚሰማ ፓርላማ የመጣው በዚያ ምርጫ ነው።

ሌላም አለ። በኖቬምበር 2023 በኔዘርላንድስ ምርጫ የኬርት ቪልደርስ ፓርቲ ከ150 ወንበሮች 37 ይዞ አንደኛ ሆነ። እሱ ያለበት ጥምር መንግሥት ከ2027 ጀምሮ የልማት እርዳታን በዓመት 2.4 ቢሊዮን ዩሮ ለመቀነስ ወሰነ። ኔዘርላንድስ በግብርናና በውኃ ከኛ ጋር ብዙ የምትሠራ አገር ናት። ለአርሶ አደሩ ነጥብ መሰብሰቢያ ስልክና ሥልጠና የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነቱ የእርዳታ በጀት ሲሆን፣ በጀቱ የሚወሰነው በሄግ ነው።

ስለዚህ የኛ ምርጫ ሲደርስ ታዛቢ ተጋበዘ ወይ፣ ውጤቱን ተሸናፊው ተቀበለው ወይ፣ አዲሱ ምክር ቤት መጀመሪያ የሚያወጣው አዋጅ ምንድን ነው የሚለውን ተከታተል። እርዳታውንና ቪዛውን በተመለከተ ምልክት ይሰጥሃል። ለቡናህ ግን የብራስልስን የቀን መቁጠሪያ ያዝ። ቀኑ ለሦስተኛ ጊዜ ይራዘማል ብሎ መጠበቅ የአውሮፓን ፖለቲካ መወራረድ ነው፤ እኔ በዚያ አልወራረድም። የጎማ፣ የማናና የጌራ አርሶ አደር ማሳ በአብዛኛው ከአራት ሄክታር በታች ስለሆነ ደንቡ የሚጠይቀው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ዙሪያውን መለካት አያስፈልግም። ነጥቡን መውሰድ ያለባችሁ ግን እሸቱን ስትረከቡ ወይም ከዚያ በፊት ነው። ሳይት ላይ ከተቀላቀለ በኋላ የትኛው ከየት እንደመጣ ማንም ሊለየው አይችልም። ከጫካው ጠርዝ ካሉ ማሳዎች ጀምሩ። ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነሱን ነው።